ያላንኳኳኋቸው ሃያ ሦስት በሮች

ሰኔ 9

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። የሳይክሌ ሰንሰለት ሁለት ጊዜ ወለቀ። ቢሮ የደረስኩት እጄ በግሪስ ጠቁሮ ነው። ኃላፊዋ አየችኝና «የምድር ጠበቃ መጣ» አለች። ይቺን ስም ያወጣችልኝ ባለቤቴ ናት። እንዴት ቢሮ ድረስ እንደዘለቀች እንጃ።

ባለቤቴ ጠዋት በረንዳ ላይ ካለው የልጣጭ ባልዲዬ ጋር ተጣላች። «ዝንብ ነው የምታረባው ወይስ አፈር?» አፈር ነው፣ ታገሺ። ሦስት ወር ታግሳለች፣ ምስኪን። ከመድኃኒት ቤት ሥራዋ ስትመለስ ዕቃ በፌስታል ይዛ ከገባች ደግሞ ዝም አልላትም። ዝም ማለት አልችልበትም። ሰው ሁሉ እንደኔ ቢኖር ይቺ ከተማ የት በደረሰች... እያልኩ ነው የምውለው። ማን ጠየቀኝ?

ከነገ ጀምሮ የዳገቱ መንገድ ጥናት አለ። ዕቅዱን እወደዋለሁ። ዳገቱ ለመኪና ይዘጋል፣ ግራና ቀኙ ዛፍ ይተከላል፣ ሚኒባሶቹ ታች አደባባዩ ላይ ይቀራሉ። ወደ ላይ በእግር ወይም በሳይክል። መጀመሪያ ግን ነዋሪው ይጠየቃል። ከመቶ አርባው ቤት የተመረጡ ስልሳ ቤቶች፣ አሥራ ሁለት ጥያቄ። የታችኛውን ሠላሳ ቤት ጊዜያዊዋ ሠራተኛ ትሠራለች፣ ደረጃውን ወጥቶ ያለውን ሠላሳ ቤት እኔ። ሲያልቅ ባንድ ላይ እናስረዋለን። የሁለታችንም ስም ሽፋኑ ላይ ይሰፍራል፤ ማን የቱን እንደሠራ አይጻፍም። ድሮም እንዲሁ ነው የምንሠራው።

ሰኔ 10

ሰባት በር አንኳኳሁ። ሁለት ድጋፍ፣ አምስት ተቃውሞ። አምስት!

ዳቦ ጋጋሪው፦ «ዱቄቴን አንተ በሳይክል ልታወጣልኝ ነው?»

አንዲት ሴትዮ በሩን ገርበብ አድርገው፦ «ብንቃወምስ ትተዉታላችሁ?» አስተያየትዎን መስጠት መብትዎ ነው አልኳቸው። «እሱን አይደለም የጠየቅኩህ» አሉኝ። በሩ ተዘጋ።

ለነሱው ጥቅም እኮ ነው! ያንን ጭስ የሚውጡት እነሱ። ነዋሪ ማለት እንዲህ ነው፤ መድኃኒቱን ስትሰጠው ስለ ማንኪያው ይነጫነጫል።

ሰኔ 12

ይሄን ደብተር ማንም አያየውም። ልጻፈው እንግዲህ።

ዝናቡ አላባራ አለ። ደረጃው ሥር ያለችው ሻይ ቤት ገባሁ፣ ልጠለል ብዬ። ፎርሞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ፣ እርጥበቱ እንዲለቃቸው ብዬ። እስክሪብቶ አወጣሁ... ምን ብዬ? እንጃ። የበር ቁጥር 38። ዕድሜ፣ ከሠላሳ እስከ አርባ አምስት። መንገዱ ለመኪና ቢዘጋ? በጣም እደግፋለሁ። ቀጣዩን ፎርም ሳብኩ።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ሃያ ሦስቱም አለቁ። ሦስት እስክሪብቶ ቀያየርኩ፣ ሁለት ሰማያዊ አንድ ጥቁር። ግማሹ ላይ የራይት ምልክት፣ ግማሹ ላይ ኤክስ። ጥያቄ ዘጠኝን አራት ቦታ ባዶ ተውኩት፣ ሰው ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ይሰለቻልና። ሁለት «እቃወማለሁ» ጣል አደረግኩበት፣ ለጨው ያህል። አንዱ ላይ ሻይ አፈሰስኩ። አውቄ። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ የሌሎችን የፈጠራ ፎርም ስይዝ ነው የኖርኩት። ምን ምን እንደሚያስነቃ ከኔ በላይ ማን ያውቃል?

በር ቁጥር 52 ላይ ትንሽ ቆም አልኩ። የነዋሪዎች መዝገብ ላይ ያለው ይኸው ብቻ ነው፦ ሴት፣ 74፣ ብቻቸውን የሚኖሩ። በሳምንት ስንት ቀን ትራንስፖርት ይጠቀማሉ? ዜሮ። ምክንያት? «በዕድሜ ምክንያት ከቤት አይወጡም» ብዬ ጻፍኩ። ቆንጆ አድርጌ። መንገዱ ቢዘጋ? እደግፋለሁ።

ማንን ጎዳሁ? ዛፍ ነው እኮ።

ሰኔ 13

ዛሬ አልዘነበም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ።

ሰኔ 26

ውጤቱ ወጣ። ከስልሳው ሠላሳ ስምንት ድጋፍ። ስልሳ ሦስት በመቶ። ኃላፊዋ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። «ሰዉ ነቅቷል ማለት ነው» አለች። ነቅቷል አልኩ።

ጊዜያዊዋ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የኔዎቹ አሥራ አምስት በአሥራ አምስት ነው የተከፈሉት። የላይኞቹ ዳገቱን የሚወጡት እነሱ ሆነው እንዴት ይሄን ያህል ደገፉ?»

«አቀራረብ ነው» አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«አቀራረብ...» አለች። ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። የጫማዋ ሶል በአንድ ጎን ተገንጥሎ በማስቲሽ ተለጥፏል። እስከ ሦስት ጊዜ የተመላለሰችበት ቤት አለ ይባላል።

ቤት መጥቼ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የሷ ሠላሳና የኔ ሰባት፣ እውነተኛው ሠላሳ ሰባት ነው። ድጋፍ አሥራ ሰባት፣ ተቃውሞ ሃያ። ስለዚህ ሰዉ «አይሆንም» ነው ያለው። «ይሁን» ያልኩት እኔ ነኝ። ብቻዬን፣ በአንድ ብርጭቆ ሻይ።

ሐምሌ 13

ዳገቱ ዛሬ ተዘጋ። ለሙከራ ነው፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነዋሪው ተሰብስቦ ቋሚ ይሁን አይሁን ይወስናል። መግቢያው ላይ ሰሌዳ ተተክሏል። «ይህ መንገድ በነዋሪዎች ፍላጎት መሠረት ለተሽከርካሪ ዝግ ነው።»

ሳይክሌን እየገፋሁ ወጣሁ። ምን ያምራል! አርባ ስድስት ችግኝ። ሁለት ሴቶች ወንበር አውጥተው መሀል አስፋልት ላይ ቁጭ ብለው ይሳሳቃሉ። ጭስ የለም፣ ጡሩንባ የለም፣ የወፍ ድምፅ ይሰማል። ደስ አለኝ። ከዚያ ሰሌዳው ትዝ አለኝ። «በነዋሪዎች ፍላጎት...» ሳይክሌን አዙሬ ወረድኩ።

የሰረቁት ነገር ሲያምር ይብሳል።

ሐምሌ 21

ሰንሰለቱ ጨርሶ ተበጠሰ። ሚኒባስ ያዝኩ። ሹፌሩ ሰፈሩ ሁሉ ጀነራል የሚለው ነው፤ ትእዛዝ ስለሚያበዛ። «ወደ ኋላ ጠጋ! መስኮት ክፈት! በር ዝጋ!» አደባባዩ ላይ ሲደርስ ሞተር አጠፋ። «መጨረሻ ነው። ከዚህ ወዲያ በየእግራችሁ፣ በዲሞክራሲ!»

አንዲት ሴት ሁለት የውሃ ጀሪካን ይዛለች። ወደ ላይ አየች፣ ተነፈሰች። «እኛን መቼ ጠየቁን?»

«ስልሳ ሦስት በመቶው ተጠይቋል» አለ ጀነራል። «ይሄን ስልሳ ሦስት በመቶ የሚባል ሰውዬ አንድ ቀን ባገኘው! አንድ ቀን ብቻ! ጀሪካኑን ነበር የማሸክመው።»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ? አንዱን ጀሪካን ተቀብያት እስከ ደረጃው አወጣሁላት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዳንተ ያለውን ያብዛልን» አለችኝ። እንደኔ ያለውን!

ሐምሌ 30

ምንም የለም። ደህና ነኝ። ባልዲው ይሸታል።

ነሐሴ 5

ዛሬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ...

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አንዲት አሮጊት በከዘራ እየተደገፉ መጡ። ግራ ጉልበታቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። መስኮቴ ፊት ቆሙና «የበር ቁጥር 52 ነኝ» አሉ። «ሰው መጥቶ አልጠየቀኝም። ጎረቤቴም አልተጠየቀም። እናንተ ግን ቤቴ ያለበትን ስልሳ ቤት ጠየቅን ትላላችሁ። እስቲ የኔን ወረቀት አሳዩኝ።»

ቀና ስል መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቀዥቃዣው! አንተ ነህ?»

ቲቸር። ሦስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ ቲቸር። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ አላየኋቸውም። ከጡረታ በኋላ ወንድማቸው ትተውላቸው የሞቱት ቤት ገብተው እዚያ ላይ ነው ለካ የሚኖሩት። «ፊትህ አርጅቷል፣ ዓይንህ ግን ያው ነው፤ አንድ ቦታ አያርፍም» አሉኝ።

ማንም ነዋሪ የቤቱን ፎርም የማየት መብት አለው። ደንብ ነው። ከመደርደሪያው ላይ በገዛ እጄ አወጣሁላቸው። ድሮ ደብተራችንን ሲያርሙ እንደሚያደርጉት ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ አነበቡ። መጨረሻ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ከቤት አይወጡም» አሉ ጮክ ብለው። ደገሙት። «ከቤት... አይወጡም። እኔ ነኝ?»

ማክሰኞና ሐሙስ ገበያው ጀርባ ያለው አዳራሽ ውስጥ ለዘጠኝ የገበያ ሴቶች ማንበብ ያስተምራሉ። አራት ዓመታቸው። ታክሲዋ በራፋቸው ላይ ታነሳቸው ነበር። አሁን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ነው። «ዛሬ ስወርድ ቆጠርኩት» አሉኝ። ሲወጡ አምስት ቦታ ይቀመጣሉ። ባለፈው ሁለት ሳምንት አልሄዱም፤ ጉልበታቸው አብጦ። ሴቶቹም መበተን ጀምረዋል። አንዷ ገና የራሷን ስም ጽፋ መጨረሷ ነበር።

እና ደግሞ ሳቁ። «ትዝ ይልሃል የክፍል አለቃ ስናስመርጥ?»

እንዴት አይለኝ። ሁላችንም ግንባራችንን ጠረጴዛ ላይ ደፍተን፣ ዓይናችንን ጨፍነን እጅ እናወጣለን። አርባ አንድ ልጅ ነበርን። ቆጥረው ሲደምሩ አርባ ሁለት ድምፅ መጣ። ሁለቱንም እጄን አውጥቼ ነበር። ጓደኛዬ እንዲመረጥ ብዬ። «ሁለት እጅ ስላለህ ሁለት ድምፅ የለህም» ብለው ክፍሉን አሳቁብኝ።

«ከዚያ ወዲህ እንዳንተ የሚጠነቀቅ ልጅ አላየሁም» አሉ። «ዓመቱን ሙሉ እጅ አውጡ ስል አንዱን እጅህን ሥርህ አድርገህ ትቀመጥበት ነበር። አንተ እዚህ መሆንህ ደግ ሆነ። ይሄን ማን እንደጻፈው አጣራልኝና ንገረኝ።»

እሺ አልኳቸው። እሺ!

ቆሜ በመስኮት አየኋቸው። አደባባዩን ለመሻገር ብቻ ስንት ደቂቃ ፈጀባቸው።

ሃያ ሦስት እጅ ነው ያወጣሁት፣ ቲቸር።

ነሐሴ 6

ኃላፊዋ ጠራችኝ። የ52 ጉዳይ ደርሷታል። ሪፖርቱ ምክር ቤት ሄዷል፣ አሁን እንዲህ ያለ ወሬ... ራሷን ያዘች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ፈርታለች።

«ላይኛውን ማነው የሠራው? ያቺ ጊዜያዊዋ ናት?»

አይደለችም ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል እንኳ አይሞላም። «ተካፍለን ነው የሠራነው» አልኩ። ውሸት አይደለም። ተካፍለን ነው የሠራነው! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

«እንግዲህ ሌላ ማን ይሆናል» አለችና ስልኳን አነሳች። እኔም ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ተመልሼ ልገባ ዞርኩ። በሩን አየሁት። ያላንኳኳሁት ሃያ አራተኛ በር።

ነሐሴ 8

የጊዜያዊዋ ውል አልታደሰም። ልትሰናበተን መጣች። ሌላው ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሯል። እሷ ግን ወደ እኔ።

«እርስዎ ያውቃሉ እኮ ጋሼ። አንድም ቤት አልዘለልኩም። ያጣኋቸው ጋ ሦስቴ ተመልሻለሁ። ለኃላፊዋ ቢነግሩልኝ...»

እነግራታለሁ አልኳት። እጇን ጨበጥኩ። የሰው እጅ እንዴት እንዲህ ያቃጥላል?

አልነገርኩም። ሦስት ጊዜ ተነስቼ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባለው ይሄ ነው። ትናንት ብናገር አንድ ጥፋት ነበር፣ ዛሬ ሁለት ሆኗል፣ ነገ...

ነሐሴ 9

ለባለቤቴ ነገርኳት። ምሳ እየሠራች ነበር፣ ሽንኩርቱን ትታ አዳመጠችኝ። እስከ መጨረሻው። ይሄ ሁሉ ዓመት ስለ ፌስታል የሰበክኳት ሰውዬ ፊቷ ቆሞ ይንተባተባል። የምትስቅ መስሎኝ ነበር። ብትስቅ ይሻል ነበር።

«እና አሁን ምን ላድርግልህ?»

«ምንም። እንዲያው ለሰው ብናገረው ቀለል ይለኝ ይሆን ብዬ...»

«ለኔ ነግረህ ልትገላገል?» አለች። «የኔን መንገድ አልዘጋህብኝም። እኔን ከሥራ አላስወጣኸኝም። ለኔ መናገር መናገር አይደለም።»

ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ቆየት ብላ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፦ «ባልዲውን ግን ተወው። እሱ ምን አጠፋ።»

ነሐሴ 14

ሐሙስ ነው። በገበያው ጀርባ ዞርኩ። ልይ ብዬ። በአዳራሹ መስኮት አራት ሴቶች ብቻ ይታያሉ። ቲቸር የሉም። አንዷ ተነስታ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሆነ ነገር ትጽፋለች፣ ሌሎቹ ያርሟታል፣ ይከራከራሉ። ትክክለኛውን የሚነግራቸው የለም። እኔ ልግባና ልንገራቸው? በምን ፊቴ?

ነሐሴ 19

ቲቸር ስልክ ደወሉ። ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል፣ ለስብሰባው ይወርዳሉ። «አጣራህ?»

«እያጣራሁ ነው።»

«ጎሽ። አንተ ካልክ አልጨነቅም።»

ስልኩን ዘጋሁና መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። መስተዋቱን ግን አላየሁትም።

ነሐሴ 23

ልጻፈው፣ ሳልረሳው። እረሳዋለሁ እንዴ?

ስብሰባው የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር። ሁለት መቶ ሰው ይሆናል። ቲቸር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው። እኔ በስተኋላ፣ በሩ አጠገብ። እንደ ሌባ፣ ለመሸሽ እንዲመች።

ኃላፊዋ ሪፖርቱን አነበበች። ስልሳ ሦስት በመቶ ስትል ከወዲያ ወዲህ ጉርምርምታ። ቲቸር እጃቸውን አወጡ። ተነስተው ስለ 52 ተናገሩ፣ በዚያች ክፍል ጸጥ በምታሰኝ ድምፃቸው።

ኃላፊዋ ተዘጋጅታበታለች። «እውነት ነው፣ ስህተት ተገኝቷል። አንዲት ጊዜያዊ ሠራተኛ ሥራዋን በአግባቡ ባለመወጣቷ እርምጃ ተወስዶባታል። በጠቅላላ ውጤቱ ላይ ግን የሚያመጣው ለውጥ...»

የዚያን ጊዜ ቲቸር ዞር ብለው በዓይናቸው ፈለጉኝ። አገኙኝ። ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፣ አጣራህልኝ፣ ተባረክ እንደማለት።

አመሰገኑኝ! ከዚህ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም።

እጄን አወጣሁ። አንዱን። የፊቱን ወንበር ይዤ ተነሳሁ።

«ጊዜያዊዋ አይደለችም» አልኩ። «እሷ ሠላሳ ቤት በትክክል ሠርታለች። ላይኛውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰባት ቤት አንኳኳሁ። ሃያ ሦስቱን ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ራሴ ሞላሁት። እናንተ የመለሳችሁት... አሥራ ሰባት ለሃያ ነው። አልደገፋችሁም።»

ሌላም ልናገር ያሰብኩት ነበር። ስለ ዛፍ፣ ስለ ጭስ፣ ለመልካም አስቤ እንደነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ጥሩ አደረገ።

ከመሀል የጀነራል ድምፅ፦ «ተገኘ! ስልሳ ሦስት በመቶ ተገኘ! እዩት እዩት፣ ይኸውላችሁ፣ በሳይክል ነው የሚሄደው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ አልቆ ደግሞ ስድቡ መጣ። ያኔ በራቸውን የዘጉብኝ ሴትዮ ተነስተው «ብንቃወም ትተዉታላችሁ ብዬ ጠይቄህ ነበር! መልሱ ይሄ ነው?» አሉ። ጀሪካን የተሸከምኩላት ሴት አፏን በእጇ ይዛ ታየኛለች። እሷ እንኳ ብትሰድበኝ...

ቲቸር አልሳቁም፣ አልተሳደቡም። ወደ ፊት ዞሩ። እስከ መጨረሻው ድረስ ወደ እኔ አላዩም።

ድምፅ አሰጣጡ ቀረ። ጥናቱ እንደገና ይሠራል፤ አሁን ስልሳ ቤት ሳይሆን መቶ አርባውም ቤት፣ አንድ ሳይቀር።

ነሐሴ 24

ለጊዜያዊዋ ደወልኩ። ሰምታለች። ሁሉንም ተናገርኩ፣ ኃላፊዋ ስትጠይቀኝ ምን እንዳልኩም ጭምር። አንድ ነገር ብቻ አለች፦

«አቀራረብ ብለውኝ ነበር።»

ስልኩ ተዘጋ።

ነሐሴ 25

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ። እኔም ቆጠርኩት። በየት በየት እንደሚቀመጡ ገባኝ፤ አምስቱም ቦታ ላይ ድንጋዩ ለስልሷል።

በር ቁጥር 52ን አንኳኳሁ። ከሁለት ወር በኋላ።

ቲቸር ከፈቱልኝ። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። «ቁጭ በል።» ተቀመጥኩ። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት። መስኮቱ ላይ ያለው መጋረጃ ግማሹ ነጭ ግማሹ ግራጫ ሆኗል፤ የመንገዱ ጭስ ነው። ጠረጴዛው ላይ የዘጠኙ ሴቶች ደብተሮች ተደርድረዋል።

«አሁን ጠይቀኝ» አሉ።

«ቲቸር፣ ከመስክ ሥራ ታግጃለሁ። ፎርሙም የለኝ...»

«ፎርም አላልኩም። ጠይቀኝ ነው ያልኩት።»

ጠየቅኳቸው። ልክ እንደ ሦስተኛ ክፍል ልጅ። መንገዱ ለመኪና ቢዘጋ ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?

«እደግፋለሁ» አሉ።

ቀና አልኩ።

«አሥራ ሦስት ዓመት ያንን ጭስ ስምግ ኖሬያለሁ። መጋረጃዬን እየው። ይዘጋ፣ ዛፉም ይደግ። ግን አንዲት ትንሽ መኪና ጠዋት አንዴ ከሰዓት አንዴ ትውጣልኝ። ለኔም፣ ለነፍሰ ጡሯም፣ ለዳቦ ጋጋሪው ዱቄትም። ይሄን ያህል ነው። ጎረቤቶቼም ቢጠየቁ እንዲሁ ነበር የሚሉት። ያንን ቀን ተጨዋውተናል፤ ጠያቂ ይመጣል ተብሎ እየጠበቅን።»

እየጠበቅን። ሻይ ቤት በነበርኩበት ሰዓት በራቸውን ገርበብ አድርገው ይጠብቁ ነበር።

«እንግዲህ ጠይቀኸኝ ቢሆን አዎ ነበር የምልህ» አሉ ቲቸር። «ያ አዎ ግን የኔ ይሆን ነበር።»

ከዚያም ቀስ ብለው፦ «አዎውን እንኳ ተወው። ከቤት አይወጡም ብለህ መጻፍህ ነው ያሳዘነኝ። ሰውን ሳታየው እንዴት ቤቱ ውስጥ ትዘጋበታለህ?»

አለቀስኩ። አርባ አራት ዓመቴ ነው። አላባበሉኝም፣ አልተቆጡኝምም። ደብተሮቹን ማረም ቀጠሉ። ስወጣ ብቻ «በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋው፣ ማጠፊያው ላልቷል» አሉኝ።

ነሐሴ 28

ደብዳቤው ደረሰኝ። ከመስክ ሥራ ለዘለቄታው ተነስቼ መዝገብ ቤት። ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም። ኃላፊዋ ደብዳቤውን ስትሰጠኝ «ያን ቀን ስጠይቅህ ብትነግረኝ...» ብላ አቋረጠችው። ለሷም ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷም ለጊዜያዊዋ ደውላላታለች፤ አዲሱን ጥናት የምትመራው ጊዜያዊዋ ናት።

ሰፈር ውስጥ አዲስ ስም ወጥቶልኛል። «ሃያ ሦስቱ» ነው የሚሉኝ። «ሃያ ሦስቱ፣ ደህና አደርክ?» ደህና እላለሁ። ምን እላለሁ?

መስከረም 12

ጠዋት ደረጃው ሥር ቲቸርን አየኋቸው። እየወረዱ ነው፣ ደብተሮቹን በጨርቅ ቦርሳ አንጠልጥለው። ቦርሳውን ልያዝልዎ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ሰጡኝ። እስከ አዳራሹ ድረስ ምንም አልተነጋገርንም። ሰባት ሴቶች በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

መስከረም 23

ቅዳሜ። ልብስ እያጠብኩ ነበር፣ በሩ ተንኳኳ።

ጊዜያዊዋ ናት። የፎርም መያዣ ሰሌዳዋን ደረቷ ላይ ይዛ። አዲስ ጫማ አድርጋለች። እኛ የምንኖርባት ታችኛዋ መንገድም ከመቶ አርባው ውስጥ ናት፤ ለካ አላሰብኩትም ነበር።

ግቢ አልኳት። «እዚሁ ይሻላል» አለች። ጋሼ አላለችኝም። የሳሙና እጄን በሱሪዬ ጠራረግኩ።

ጀመረች። የቤት ቁጥር። ዕድሜ። የሥራ ዓይነት? ታውቃለች። አምስት ወር ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተቀምጠናል። መዝገብ ቤት አልኳት። መዝገብ ቤት ብላ ጻፈች። ወደ ሥራ በምን ይሄዳሉ? ሳይክሌ እዚያው በሩ ላይ፣ ክርኗን እየነካ ተደግፏል። በሳይክል አልኳት። በሳይክል ብላ ጻፈች። አንዱንም ጥያቄ አላሳጠረችም። ዘጠነኛዋን እንኳ፣ ያቺን ረጅሟን፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችልኝ።

አሥራ አንደኛው። «መንገዱ ለተሽከርካሪ ዝግ ሆኖ እንዲቆይ ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?»

መልሴን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እሷ ከሁሉም በላይ። ሃያ አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ። አሁን ግን አፌ ላይ ከበደኝ። የቲቸር ደረጃ መጣብኝ፣ የዳቦ ጋጋሪው ዱቄት፣ ጀሪካኖቹ። ባለቤቴ ከውስጥ ሆና ጸጥ ብላ እየሰማች እንደሆነ አውቃለሁ።

አልረዳችኝም። አላጣደፈችኝም። እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አንስታ ጠበቀች።

«እደግፋለሁ» አልኩ በመጨረሻ። «ግን ለላይኞቹ የምትወጣ መኪና ካለች ነው። ካልሆነ እቃወማለሁ።»

ጻፈች። ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝ፣ አነበብኩት። ያልኩት ነው። አንድ ቃል አልጨመረችም፣ አንድ ቃል አልቀነሰችም።

«አመሰግናለሁ» አለች። የሚቀጥለውን በር ስታንኳኳ ሰማኋት።